ሌሊት ኮከብ ለማየት ምን ይለበሳል? (ሱሉልታ አካባቢ)

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ታኅሣሥ 4 ገደማ የጀሚኒድስን ተወርዋሪ ኮከቦች ለማየት ከባለቤቴ ጋር ሱሉልታ ሜዳ ላይ ልናመሽ ነው። ደህና የሚታየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም ነው። አምና በጃኬት ወጥተን 5 ሰዓት ሳይሞላ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ተመለስን። ጋቢ፣ ቡልኮ ወይስ ስሊፒንግ ባግ? ከየት ልግዛ?

የሽሮ ሜዳዋ፦ ቡልኮ። ሽሮ ሜዳ። አለቀ። እናቴም አያቴም ከአንድ ደንበኛ ነው የሚገዙት።

ባለ ዚፑ፦ ስሊፒንግ ባግ እንዳታስበው! ቴሌግራም ላይ አይቼ አዘዝኩ። «እስከ ዜሮ ዲግሪ» ይላል። በመጀመሪያው ሌሊት ዚፑ ደረቴ ላይ ጨርቁን ነክሶ ቀረ። ወደላይ የለ፣ ወደታች የለ። ሽንቴ ደግሞ መጥቷል። ጓደኛዬ በሴንጢ ሲቀደው የስፖንጅ ቁርጥራጭ ሜዳውን ሞላው። ሻጩ ብሎክ አደረገኝ።

ማሜ፦ የቱ ቻናል ነው? በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ሊሊ፦ እኔም ጫማ አዝዤ ሁለቱም የግራ እግር መጣልኝ።

ማሜ፦ ሁለቱም? 😂 ለዳንስ ይሆናል።

አቤል፦ ወደ እንጦጦ ሂዱ፣ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ አለ።

ሊሊ፦ የጠየቀው ስለ ብርድ ነው። ለተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ ዓይን ይበቃል። እንጦጦማ 3,200 ሜትር ነው፣ ጭራሽ ይብሳል።

ዝምተኛው፦ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ብትሄዱ ይሻላል። ቢያንስ ቤት ውስጥ ነው።

የሌሊት ጥበቃ፦ ወንድሜ፣ 8 ዓመት ውጭ አድሬያለሁ። ሰማይ ሲጠራ ብርዱ ይጠናል፣ ሙቀቱን የሚይዘው ደመናው ነው። ደግሞ ብርድ ከመሬት ነው የሚገባው። ካርቶን፣ ከላዩ አጎዛ፣ ጠጉሩ ወደ ላይ። ጋቢ ጥሩ ነው፣ ግን ጥጥ ነው። ጤዛ ከጠጣ ይከብድሃል። ሱፍ እርጥብም ሆኖ ያሞቃል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከላይ ደርብ። ካልሲ ደራርበህ ጫማው ከጠበበ እግርህ ይደነዝዛል። ፔርሙዙን መጀመሪያ በፈላ ውሃ አሙቀው፣ ከዚያ ሻዩን ቅዳ። ከሰል ግን መኪና ውስጥ እንዳታስገባ! ሳይሸትህ ይገድልሃል።

የሽሮ ሜዳዋ፦ ቡልኮ ጤዛም ይችላል።

የሌሊት ጥበቃ፦ አድረሽበት ታውቂያለሽ?

የሽሮ ሜዳዋ፦ አያቴ ታውቃለች።

ጠያቂው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ። ባለ ዚፑ ግን፣ ሴንጢው ደረሰልህ ወይስ?