በገና ይደረደራል ሲባል ምኑ ነው የሚደረደረው?

ጣና ዳር፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት የእህቴን ልጅ ይዤ እዚሁ ባህር ዳር የጥንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ላሳየው ሄድን። አስጎብኚው «ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል፣ ነጋሪት ይጎሰማል፣ በገና ይደረደራል» ብሎ አለፈ። ልጁ ግን አላለፈም። «ብርጭቆ ነው እንዴ የሚደረደረው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

የቅኔ ተማሪ፦ ቀላል ነው። 10 አውታር ጎን ለጎን ተደርድሯላ!

ሸምበቆ፦ ክራርም 6 ክር ተደርድሮለታል፤ እሱ ለምን ይመታል? ደግሞ አውታሩን የሚደረድረው ሠሪው ነው። ተጫዋቹ ምኑን ይደረድራል?

ቀበሌ 14፦ ከስሙ እንነሳ። በገነ ማለት አንጀቱ አረረ ነው። የበገነ ሰው በገና ያነሳል። አውታሩም የበግ አንጀት ነው፤ አንጀት በአንጀት!

ጋሽ ፊደል፦ አንተ ልጅ፣ በገና ሰሞን ስለሚሰማ በገና ተባለ ማለት ብቻ ነው የቀረህ። ዋና ጊዜው ዐቢይ ጾም መሆኑን አትርሳ። እኔ ድጓ ስማር እንዲህ ያለ አፈታት የተናገረ ደጅ ያድር ነበር። ይልቅ ዳዊት «ግነዩ ለእግዚአብሔር በመሰንቆ»፣ እግዚአብሔርን በመሰንቆ አመስግኑ፣ ሲል ምን የያዘ ይመስላችኋል?

ሸምበቆ፦ መሰንቆ ነዋ፣ የኔታ።

ጋሽ ፊደል፦ የአዝማሪውን ባለ አንድ ጭራ? አይደለም! የግዕዙ መሰንቆ ባለ ብዙ አውታር ነው፤ ለክራርና ለበገና ይቀርባል። ስሙ ነው ዞሮ የአዝማሪው ዘንድ የገባው።

የቅኔ ተማሪ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ሰቀልነ ዕንዚራቲነ»፣ ዕንዚራዎቻችንን ሰቀልን፣ የሚለው የዳዊት መዝሙርስ? ዕንዚራም በግዕዝ መሣሪያው ራሱ ነው። ዛሬ ደርዳሪዎች እንዚራ የሚሉት አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ ከየአውታሩ ሥር የምትገባውን ቁራጭ ቆዳ ነው። ያን የሚነዝር ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት። አውታሩን ነካ አድርጋችሁ እሷን ብትስቡ ድምፁ ወዲያው ይሞታል።

ቀበሌ 14፦ ነዘረ፣ እንዚራ! አገኘኋት!

ጋሽ ፊደል፦ በዐይኑ ዐ መሆኗን አይተሃል?

ቀበሌ 14፦ እርስዎ ደግሞ ዐይን ካልጠፋ አይሉም።

ጣና ዳር፦ ኧረ ድርደራው ድርድር ሆነ! ልጁ ማታ ይደውላል፣ ምን ልበለው?

ሸምበቆ፦ ቆይ፣ ነጋሪትስ ለምንድን ነው የሚጎሰመው?