ከ3ኛ ወደ 2ኛ ማርሽ ስመልስ አልገባ ይላል

ጥያቄ፦ የውድድር ትራክ ላይ 4 ወይም 5 ዙር ከነዳሁ በኋላ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ስመልስ ይንጫጫል፤ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። ሲቀዘቅዝ ደህና ነው። ካምቢዮው ይሆን?

መልስ፦ ካምቢዮ ከማውረድህ በፊት ፍሪሲዮኑን እይ። እንደሞቀ ሞተሩን አጥፍተህ ማርሹን አስገባ። ጠፍቶ ቀላል፣ ተነስቶ ከባድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ፔዳሉም ከላላ የፍሪሲዮኑ ዘይት ፈልቶ ይሆናል፦ አዲስ ዶት 4 (የፍሬንና የፍሪሲዮን ዘይት ዓይነት) ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን 155 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ቀይረህ አየሩን አስወጣ።

መልስ፦ 2ኛ ብቻ ከሆነ ሲንክሮናይዘሩን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስለውን የካምቢዮ ክፍል) ጠርጥር። መመሪያው ጂኤል-4 የካምቢዮ ዘይት ካለ ጂኤል-5 አትጨምር።

መልስ፦ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነዳጅ መስጠት ሞተሩን እንጂ ሲንክሮናይዘሩን አያግዝም (ብዙ ሰው ይሳሳታል)። ከ3ኛ አውጥተህ ዜሮ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀህ ነዳጅ ስጥ፣ እንደገና ረግጠህ 2ኛ አስገባ።