ፍሉኦክሰቲን ጀምሬ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ላቁመው ወይስ ልታገስ?

የኮዬዋ ጥልፍ ሰሪ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ፣ በጣም ግራ ገብቶኛል። 24 አመቴ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ እቤት ሆኜ የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ እሰራለሁ። ከክረምቱ ወዲህ በቃ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ፣ ያለምክንያት ሳለቅስ፣ ልጄ ሲያወራኝ ራሱ አልሰማው ስል ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፣ ከዛ ሪፈር ተጽፎልኝ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ድብርት ነው ተብዬ ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም በቀን አንድ ፍሬ ታዘዘልኝ። ሰልፉ ብዙ ስለነበር ሰአቱን ምኑን ሳንነጋገር ወጣሁ፣ እኔም ማታ ልተኛ ስል ነው የምውጠው።

አሁን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነኝ። እንቅልፍ የሚባል ጠፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጣራ ላይ ማፍጠጥ ነው። ጠዋት ያቅለሸልሸኛል፣ ምግብ ዘግቶኛል፣ ያልበኛል፣ ጥርሴን ነክሼ ነው መሰለኝ የማድረው መንጋጋዬን ያመኛል። ከሁሉ የባሰው እጄ ነው። ክር መርፌ ውስጥ ላስገባ ስል ጫፉ ቀዳዳውን እየሳተ ይንቀጠቀጥብኛል፣ በምራቄ አሹዬ አሹዬ እምቢ ሲል የጎረቤት ልጅ ጠርቼ ነው የማስገባው፣ ለፋሲካ የተቀበልኩት ስራ ደግሞ ተቆልሏል። ጭንቀቱም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አማቴ "ይሄ ኪኒን ሱስ ነው፣ ከጀመርሽው እድሜ ልክሽን ነው፣ ጣይውና ጠበል ግቢ" ይሉኛል። ጾሙንም ይዣለሁ። ያለፈበት ሰው ካለ ምን ላድርግ?

ቤዛ የጀሞዋ

አይዞሽ እናቴ። የኔ ሰርትራሊን የሚባለው የዚሁ ወገን መድሃኒት ነበር፣ ስጀምር ሆዴን አገላበጠው፣ ተቅማጥ ራስ ምታት ምናምን፣ ጭንቀቱም ልክ እንዳንቺ መጀመሪያ ጨመረ። እኔም ለእህቴ ደውዬ ሊገድሉኝ ነው ያልኳት ትዝ ይለኛል ሃሃ። ሆዱ ቶሎ ተወኝ፣ ጥቅሙ ግን ዘገየ፣ ወር አለፍ ብሎ ነው። እሱም በአንዴ "ደስ አለኝ" የሚባል ነገር የለውም፣ አንድ ቀን ሽንኩርት እያቁላላሁ መዝሙር ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት፣ ውይ ለካ ድምፅ አለኝ አልኩ። ስለዚህ አሁን አትፍረጂበት፣ ገና ነሽ።

የፋርማሲ ልጅ

እህቴ ፋርማሲስት ነኝ፣ በዚሁ በናንተ አካባቢ ነው የምሰራው። የዘረዘርሻቸው በሙሉ ይሄ መድሃኒት መጀመሪያ ላይ የሚያመጣቸው የታወቁ ነገሮች ናቸው፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ጥርስ መንከስም ጭምር። ብዙ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይከፋና ይቀንሳል። መድሃኒቱ ድብርቱን መንካት የሚጀምረው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ ሙሉ ጥቅሙ እስከ 6 እና 8 ሳምንትም ሊወስድ ይችላል። ክፋቱ እንግዲህ ጉዳቱ ቀድሞ ይመጣል ጥቅሙ ኋላ ይደርሳል፣ ሰው የሚጥለውም መሀል ላይ ነው።

ዋናው ችግርሽ ማታ መውሰድሽ ይመስለኛል። ፍሉኦክሰቲን ብዙ ሰው ያነቃል እንጂ አያስተኛም፣ በጠዋት ነው የሚወሰደው። ዛሬ ማታ አትውሰጂ፣ ነገ ጠዋት ቀጥይ። ሰውነት ውስጥ ለቀናት የሚቆይ መድሃኒት ስለሆነ በዚህ ቅያሪ ምንም አትሆኚም። ከምግብ በኋላ ብታደርጊው ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ቡና ስንቴ ነው የምትጠጪው? እጅ ሲንቀጠቀጥ ሶስቱንም አቦል ቶና በረካ መጨረስ አያዋጣም። ሌላ የምትወስጂው መድሃኒት ካለም ንገሪኝ፣ ለራስ ምታትም ለወገብም ቢሆን።

የእመቤቴ ልጅ

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ የመንፈስ ጉዳይ ነው፣ ኪኒን መንፈስ አያወጣም። አማትሽ እውነታቸውን ነው። እንጦጦ ሄደሽ ሱባኤ ያዢ፣ መድሃኒቱን እቤት ተይው።

ሲስተር አቃቂ

ወንድሜ ጠበሉን ማንም አልከለከላትም፣ ትጠመቅ። "መድሃኒቱን ተይው" የሚለው ነው ሰው የሚጎዳው። ብጹእ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በህይወት እያሉ በኤችአይቪ ጊዜ ጠበሉና መድሃኒቱ አይጣሉም፣ ሁለቱንም ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል እኮ፣ ለዚህኛው ምን የተለየ ነገር አለው? እኔም ራሴ ጠበሌን ጠጥቼ ነው ተረኛ የምገባው።

ጾሙን በተመለከተ እህቴ የንስሃ አባትሽን አማክሪ፣ ለህመምተኛ ይፈቅዳሉ። እስከ 9 ሰአት እጾማለሁ ካልሽም ካፕሱሉን ጾሙን ስትፈቺ ከምግብ ጋር መውሰድ ትችያለሽ፣ ከማታው በብዙ ይሻላል። ዋናው ሰአቱ አንድ አይነት ይሁን።

አሁን ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ ሳታፍሪ መልሺልኝ። "ሞቼ ባረፍኩ" የሚል ወይም ራስሽን የመጉዳት ሀሳብ ይመጣብሻል? የምጠይቅሽ እድሜሽ 24 ስለሆነ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2004 የአሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪ እነዚህ መድሃኒቶች ህጻናትና ታዳጊዎች ላይ እንዲህ አይነት ሀሳብ ሊጨምሩ ይችላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አስገደደ፣ 2007 ላይ እስከ 24 አመት ያሉትንም ጨመረ። አደጋው ያለው በተለይ ስትጀምሪና መጠኑ ሲቀየር ነው። ይሄ ማለት መድሃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ባለቤትሽ አይኑን ይጣልብሽ ማለት ነው። ቁጭ ማለት እስኪያቅትሽ ከተቁነጠነጥሽ ወይ እንደዛ አይነት ሀሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ሌላ፣ ቤተሰብ ውስጥ አንዴ በደስታ የሚሰክር አንዴ ደግሞ የሚወድቅ ሰው አለ? አንቺም ቢሆን ሳትተኚ የማይደክምሽ፣ ወሬ የሚበዛብሽ፣ ገንዘብ የምትበትኚ ከሆነ ለሀኪሙ ቶሎ ይነገር፣ ያ ሌላ ህመም ስለሆነ ህክምናው ይለያል።

ሚኒባስ ሹፌር

እኔ ደሞ አሚትሪፕቲሊን የሚባል ሌላ የድብርት መድሃኒት ነው የሰጡኝ፣ 25 ሚሊግራም። እንቅልፍ ላጣሽው እሱን አዘዢ በጣም ነው የሚያስተኛው። መጀመሪያ አካባቢ እንደውም ከመጠን በላይ ነበር፣ ከሌሊቱ 11 ሰአት ተነስቼ ቱሉ ዲምቱ ለመጫን ስሰለፍ ጭንቅላቴ ጭጋግ፣ ረዳቴ "አባዬ መብራቱ በራልህ" እያለ ነበር የሚቀሰቅሰኝ። ለሀኪሙ ስነግረው ልትተኛ ስትል ሳይሆን ምሽት 1 ሰአት ላይ ዋጠው፣ እስኪለምድህ መኪና አትንዳ አለኝ። አትንዳ ማለት ቀላል ነው የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል፣ ግን ወንድሜ ያዘልኝ ትንሽ ጊዜ። አሁን ጭጋጉ የለም። አፌ ግን እንደ ኩበት ነው፣ ሆድ ድርቀትም አለው፣ ተልባ እየጠጣሁ ነው የምኖረው። ኪሎም ጨመርኩ፣ ሰዉ ተመቸህ ይለኛል።

የፋርማሲ ልጅ

ሹፌሩ ወንድሜ ላንተ የሰራው ጥሩ፣ እሷ ግን ከማንም ተበድራ እንዳትወስድ። ፍሉኦክሰቲን የአሚትሪፕቲሊንን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል፣ ልብ ላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፣ አብሮ የሚታዘዘው ሀኪም አውቆት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ አሚትሪፕቲሊን ልጅ ባለበት ቤት ቁልፍ ያለው ቦታ ነው የሚቀመጠው፣ ጥቂት ፍሬ እንኳን ህጻን ሊገድል ይችላል። ሽንት አልወርድ ካለህ ወይ ልብህ ከመታህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ታይ።

የኮዬዋ ጥልፍ ሰሪ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሰው ያለኝ አልመሰለኝም ነበር። ሲስተር እንደዛ አይነት ሀሳብ የለኝም፣ በልጄ። ደክሞኛል እንጂ መሞት አልፈልግም። ለባለቤቴ ግን የጻፍሽውን አስነበብኩት፣ ካፕሱሉንም እሱ ያስቀምጥልኝ ተባብለናል። ቤተሰብ ውስጥም እንደዛ ያለ ሰው አላውቅም። ቡና እውነት ነው፣ ጎረቤት ጋር ተጠርቼ፣ እቤት ደግሞ አፍልቼ፣ ቆጥሬው አላውቅም።

መድሃኒት ላልከው ለወገቤ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ስለምውል። አንድ ሌላ ነገር፣ መጀመሪያ የሰጡኝ ካፕሱል አረንጓዴና ነጭ ነበር፣ ሆስፒታሉ ጋር ሲያልቅ ከውጪ የገዛነው ሙሉ ለሙሉ ሌላ ቀለም ነው። ተሳስተው ይሆን እንዴ?

የፋርማሲ ልጅ

ቀለሙ አያስፈራሽ፣ አምራቹ ሲለያይ ቀለሙም ይለያያል። ማየት ያለብሽ ስሙ ፍሉኦክሰቲን፣ መጠኑ 20 መሆኑንና ጊዜው አለማለፉን ነው። ሲጠፋም ሲወደድም ከነማንና ቀይ መስቀልን ጠይቂ። ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ጀምሪ መፈለግ፣ የመጨረሻዋ ፍሬ ላይ ደርሰሽ አይደለም።

ዲክሎፌናኩን ግን አቁሚው። ከዚህ መድሃኒት ጋር ሲገናኝ ጨጓራ የመድማት እድሉን ይጨምራል፣ አይቡፕሮፊንም ያው ነው። ለወገብሽ ፓራሲታሞል ይሻልሻል፣ ካልበቃሽ ለሀኪሙ ንገሪው። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይ ደም ካስታወከሽ በቀጥታ ሆስፒታል። ትራማዶል የሚባለውን ማስታገሻ ደግሞ ማንም ቢሰጥሽ እንዳትነኪው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ሲቀባበሉት አያለሁ፣ ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሆኖ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊያስነሳ ይችላል።

አያት ዞን 8

ስለ ሱስ ላሉት እናት አንድ ነገር ልበል። ታናሽ ወንድሜ ሰርትራሊን ሲወስድ ቆይቶ ተሽሎት ነበር፣ ጓደኞቹ "አንተ ጤነኛ ነህ ምን አባህ ትውጣለህ" ብለውት በአንዴ ጣለው። ከዛ ጭንቅላቴ ውስጥ ኮረንቲ ይነዝረኛል ማለት ጀመረ፣ አይኑን ወደ ጎን ሲያዞር ዥው፣ ማዞር፣ ብስጭት። ሁላችንም ያው አበደ ብለን ደነገጥን። ሀኪሙ ሱስ አይደለም፣ ሰውነቱ ለምዶት በድንገት ሲያጣው ነው ብሎ መልሶ አስጀመረውና በወራት እየቀነሰ አስተወው። ዛሬ ምንም አይወስድም፣ ባለትዳር ነው። እድሜ ልክ የሚባለው ነገር ለሁሉም አይደለም።

ሲስተር አቃቂ

ልክ ነህ። ፍሉኦክሰቲን ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ እንደ ሰርትራሊን አይነዝርም፣ ግን እሱም በሀኪም ነው የሚቆመው። አብዛኛውን ጊዜ ከተሻለሽ በኋላ ቢያንስ 6 ወር፣ ብዙ ሀኪም ደግሞ ከ9 እስከ 12 ወር ያስቀጥላል፣ ቶሎ ከቆመ ድብርቱ ተመልሶ ስለሚመጣ። እድሜ ልክ የሚባሉት በተደጋጋሚ የታመሙ ሰዎች ናቸው።

ቤዛ የጀሞዋ

ማንም ያላነሳውን እኔ ላንሳው፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ስለሌለ። ለባል ያለው ስሜት ይጠፋል፣ ወይም ይዘገያል፣ ወንዶችም ላይ እንደዛው። የኔ ባል "ሌላ ሰው ያዝሽ እንዴ" ድረስ ደርሶ ነበር። ሀኪሟ ወንድ ቢሆን አልነግረውም ነበር፣ ሴት ስለሆነች ነገርኳት፣ አልሳቀችም፣ ብዙ ሰው ላይ የሚመጣ ነው ብላ መጠኑን ቀነሰችልኝና ተሻለኝ። ከመጣብሽ ተናገሪ እንጂ በዚህ ምክንያት ደብቀሽ እንዳታቆሚ። ባልሽም አስቀድሞ ይወቀው።

ጫት በቃኝ ልል

እኔም ይሄንኑ ነው የምወስደው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብቅምስ?

የፋርማሲ ልጅ

ጫቱ ራሱ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ያስጨንቃል፣ በነጋታው ይደብታል፣ መድሃኒቱ ሲገነባ ጫቱ ያፈርሳል። ለማረጋጋት ተብሎ አረቄ ከተጨመረበት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለሀኪምህ ሳትደብቅ ንገረው፣ ፖሊስ አይጠራብህም።

የኮዬዋ ጥልፍ ሰሪ

ሰላም ዋላችሁ፣ ያለሁበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ወደ ጠዋት ካዞርኩት ወዲህ እንቅልፉ ሙሉ ባይሆንም መጥቷል፣ የንስሃ አባቴም ቁርስ በልተሽ ውሰጂ ብለውኛል። ቡናውን አንድ ስኒ አድርጌዋለሁ፣ እጄ ለወፍራሙ ክር ይታዘዘኛል፣ ለቀጭኑ ገና ነው። ላቡ እንዳለ ነው። አማቴ እንደተቆጡ ናቸው፣ ጠበሉን እቤት ድረስ እያመጡልኝ ነው፣ እጠጣለሁ። ቀጠሮዬ ሀሙስ ነው፣ ምን ምን ልያዝ? ሰልፉንስ ምን ባደርግ ይሻለኛል?

ሲስተር አቃቂ

የያዝሽውን የመድሃኒት ማሸጊያ፣ ካርድሽን፣ የጤና መድን ካለሽ ደብተሩንና ሪፈሩን። የሚሰማሽን ነገር ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፣ እዛ ስትደርሺ ይጠፋብሻል፣ ዲክሎፌናኩን ጻፊው። ስትወጪ ደግሞ መድሃኒቱን በቅርብ ጤና ጣቢያ መቀበል እችል ይሆን ብለሽ ጠይቂ፣ አንዳንዱ ጋር ይገኛል፣ በየወሩ ከተማ ከመመላለስ ያድንሻል።

ሚኒባስ ሹፌር

ከኮዬ ከሆነ ከ12 ሰአት በፊት ውጪ፣ ከዛ በኋላ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ይዘጋል። ዳቦ ነገር ያዢ፣ ካርድ ክፍሉ ሲከፈት እዛው ቁርስሽን በልተሽ ኪኒኑን ትውጫለሽ።