ለጓደኛዬ አንደኛ ሚዜ ስሆን ከሁሉ አስቀድሜ ምን ላስብበት?

ጥያቄ፦
አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ በቅርቡ ስለሚያገባ አንደኛ ሚዜው እንድሆን ጠይቆኝ በደስታ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ በመሆኔ በሰው ፊት ቆሜ የማደርገው ንግግር ከወዲሁ ያሳስበኛል፤ ከንግግሩ ሌላ ምን እንደሚጠበቅብኝም በግልጽ አላውቅም። ሚዜ የነበራችሁ ወይም ጥሩ ሚዜ ያገኛችሁ፣ ሙሽራውን በእርግጥ የሚጠቅመው ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦
ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። በእኔ እምነት የሚዜ ዋና ሥራ በሠርጉ ዕለት የሚነሣው ጥያቄና ችግር ሙሽራው ዘንድ ሳይደርስ መልስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ለዚህም ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብለህ ከእርሱ ጋር ተቀመጥ፤ ማን በስንት ሰዓት የት መገኘት እንዳለበት፣ የፎቶ አንሺውን፣ የሾፌሩንና የአዳራሹን ኃላፊ ስልክ ቁጥር፣ እንዲሁም በዕለቱ የሚከፈል ቀሪ ሒሳብ ካለ ለማን እንደሚሰጥ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍ። ሙሽራው ፈቃደኛ ከሆነ ስልኩን አንተ ያዝለት፣ ምክንያቱም መንገድ የጠፋው እንግዳ ሁሉ የሚደውለው ለእርሱ ነው። ጣት በሙቀት ስለሚያብጥ ቀለበቱን አስቀድሞ እንዲለካው አድርግ፤ በዕለቱም በሚቆለፍ ኪስ ውስጥ አኑረው። መርፌ፣ ክር፣ መሐረብና የስልክ ቻርጀር አይለዩህ። ከሁሉ በላይ ግን ሙሽራው ምግብ መቅመሱንና ውኃ መጠጣቱን ተከታተል፤ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ይህን የሚያስታውስለት ሰው አይገኝም።

ምላሽ 2፦
ስለ ንግግሩ ብዙ አይጨነቁ፤ ዝምተኛ ሰው ጥቂት ቃል ስለሚናገር ይደመጣል። ከ5 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው። የሙሽራውን ጠባይ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ይምረጡ፤ ነገር ግን ሙሽሪትንና ወላጆችን የሚያሳፍር ወይም ስለ ቀድሞ ፍቅረኛ የሚያነሣ ከሆነ፣ ቢያስቅም ይተዉት። ጽፈው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ደጋግመው ያንብቡት፤ መጠጥም ካለ ከንግግሩ በኋላ ይሁን።

ምላሽ 3፦
እኔ የምጽፈው በሙሽሪት በኩል ሆኜ ነው። የባለቤቴ አንደኛ ሚዜ ከእኔ አንደኛ ሚዜ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ስለነበር፣ የፕሮግራም ለውጥ ሲኖር ሁለቱ ወገኖች እኩል ይሰሙ ነበር። እባክዎ ሙሽሪትንም «ምን ላግዝሽ?» ብለው ይጠይቋት። ብዙ ሚዜዎች የሙሽራው ብቻ ረዳት እንደሆኑ ያስባሉ፤ ይህ ግን ትክክል አይመስለኝም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሌሎቹ ሚዜዎች መካከል የሱፉ ዋጋ የሚከብደው እንዳለ እጠረጥራለሁ። ለሙሽራው ልንገረው?

ምላሽ 1፦
ገና አትንገረው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሚዜ ለብቻው፣ ማንም በሌለበት፣ ምን ያህል ማውጣት እንደሚችል ጠይቅ፤ በቡድን መልእክት ከጠየቅህ የቸገረው ሰው አፍሮ «እችላለሁ» ይላል። ከዚያ የማንንም ስም ሳትጠቅስ ሱፉ በኪራይ እንዲሆን ለሙሽራው ሐሳብ አቅርብለት። ሱፉ ከተመረጠ በኋላ ሐሳብ መለወጥ ስለሚከብድ፣ ይህን በዚህ ሳምንት ብትፈጽመው ይሻላል።