አባትየው ጄኔሬተሩን ጥሎ መሮጥ ነበረበት? (ክርክር ከጎንደር)

አወያይ
አንድ አባላችን ለወጣቶች መድረክ የጻፈውን የሳይንስ ልብወለድ ትያትር ረቂቅ አንብቦልናል። ላልሰማችሁ ባጭሩ፦ 50 ሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ ከሕዋ ወደ ጣና እየወረደ ነው። ከተማው መብራት የለውም። ባለታሪኩ ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የጄኔሬተር ቴክኒሻን ነው፣ ተረኛም እሱ ነው። የሰባት ዓመት ልጁ በከተማው ዳር፣ አዘዞ ትምህርት ቤት ናት። ጄኔሬተሩን ጥሎ ይሮጣል። ከጣና የተነሣ ማዕበል እየተከተለው ልጁን አቅፎ ጎሃ ኮረብታ ላይ ይወጣል፤ መጋረጃው ይዘጋል።

ጥያቄው፦ አባትየው ልክ ነው ወይ? ትያትሩንስ ለተማሪዎች እናሳይ? የእኔን አቋም ልናገርና ልልቀቅላችሁ፤ እንዲህ እንዳለ መታየት የለበትም ባይ ነኝ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ
እኔ ከአባትየው ጋር ነኝ። የወለደ ሰው ይህን መጠየቁ ራሱ ይገርመኛል። ሰማይ እየተደረመሰ የልጄን ድምፅ ሳልሰማ የምቆምበት እግር የለኝም። ተረኛ ነኝ፣ ፈርሜ ገብቻለሁ፣ ደመወዝ እበላለሁ፤ ይሁን። በእኔ ቦታ ነገ ሌላ ሰው ይቀጠራል፣ ለልጄ ግን ሌላ እናት አይቀጠርላትም። ለጥምቀት ስንወርድ እንኳ ስልኬን በእስክሪብቶ ክንዷ ላይ እጽፋለሁ፣ ላብ እንዳያጠፋው ደጋግሜ አደምቀዋለሁ፣ እንደዚያም ሆኖ እጇን አልለቅም። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሲሞት፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ልጁን ለመፈለግ ያልተነሣ ወላጅ ነበር?

ነርስ፣ ከማራኪ
እህቴ፣ እኔም ወልጃለሁ፤ አንጀትሽ ይገባኛል። ግን ታሪኩ የደበቀውን ልንገርሽ። መብራት ሲሄድ እኛ ክፍል መጀመሪያ የሚጮኸው የኦክስጅን ማሽኑ ነው። ሁላችንም የያዝነውን ትተን ጆሯችንን ለጄኔሬተሩ እንሰጣለን። ከዘገየ አምቡ ባግ፣ ማለትም አየር ወደ ሳንባ የሚገፋውን ከረጢት፣ አንሥተን በእጃችን መጭመቅ እንጀምራለን፤ ለአንድ ሕፃን አንድ ሰው። አራት ሕፃናት ተኝተው ነርሶቹ ሁለት ብንሆን ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው። እነሱም እናት አላቸው፣ ኮሪደር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠች። ጸሐፊው አባትየውን ሲያስሮጥ እኛን ጨለማ ውስጥ ትቶን ወጣ፤ አንዲት መስመር እንኳ አልሰጠንም።

መሮጥስ ቢሆን? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ውስጥ መሬት ሲንሸራተት፣ ሁለተኛው ናዳ የወረደው የተቀበሩትን ሊያወጡ በሮጡት ላይ ነው። ከ200 ሰው በላይ አለቀ። የሮጡትን ማንም አይወቅሳቸውም፤ ዘመዱ ተቀብሮበት ማን ይቆማል? ግን ሩጫ ብቻውን እንደማያድን በአገራችን አይተናል።

የፊዚክስ መምህር፣ ከፒያሳ
አስቀድመን ማዕበሉን እናውጣው። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው። የውሃው ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። 300 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ውሃ የለም። ውሃው የሚያሰጋው ጎርጎራንና በሐይቁ ዳር ያለውን ሜዳ ነው።

ደግሞም እንዲህ ያለ ድንጋይ ብዙ ጊዜ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1908 ሳይቤሪያ፣ ቱንጉስካ ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ደን ተጋደመ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ደግሞ 20 ሜትር ገደማ የሆነ ድንጋይ የሩሲያዋ ቼልያቢንስክ አካባቢ ፈነዳ። ከፀሐይ አቅጣጫ ስለመጣ ቀድሞ ያየው አልነበረም። መጀመሪያ ብርሃን ታየ፤ ሰውም ምን እንደሆነ ለማየት መስኮት ላይ ተለጠፈ። ከደቂቃ በላይ ቆይቶ የአየር ግፊቱ ሲደርስ መስታወቱ ፊቱ ላይ ረገፈ። 1,500 ገደማ ሰዎች ተጎዱ፣ አብዛኞቹም በመስታወት።

እዚያች ከተማ አንዲት የአራተኛ ክፍል መምህርት ብርሃኑን እንዳየች ከ40 በላይ ተማሪዎቿን ጠረጴዛ ሥር አስገባች። እሷን መስታወት ቆረጣት፣ ልጆቹ ደህና ወጡ። የእነዚያ ልጆች ወላጆች በዚያች ደቂቃ ምንም ቢሮጡ አይደርሱም ነበር። የእኛም ባለታሪክ አዘዞ ሳይደርስ ነገሩ ያበቃል። ልጅቷን የምታድናት አጠገቧ የቆመችው መምህርት ናት፤ ትያትሩ ውስጥ ግን መምህርት የለችም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ
ጋሼ፣ እርስዎ ጥሩዋን መምህርት መረጡ። መምህሩ ግራ ቢጋባስ? እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ሱናሚ ሲመታት፣ ኦካዋ በሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ 50 ደቂቃ ገደማ ልጆቹን ግቢ ውስጥ አቆዩአቸው። ከጀርባቸው ኮረብታ ነበረ። 74 ልጆችና 10 መምህራን አለቁ። ወላጆቻቸው ቀድመው መጥተው ከወሰዷቸው ብዙዎቹ ተረፉ። ለእነዚያ ወላጆች “ሥራችሁ ላይ መቆየት ነበረባችሁ” ይሏቸዋል?

የፊዚክስ መምህር፣ ከፒያሳ
አልልም። ግን በዚያው ቀን፣ ካማኢሺ በሚባለው ከተማ፣ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ተርፈዋል። ለዓመታት ሲለማመዱት የኖሩት “ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ከፍታ ሩጥ” የሚለውን ነበር። ትልልቆቹ የትንንሾቹን እጅ ይዘው ሮጡ። ለወላጆችም “ልጃችሁ ወጥቷል ብላችሁ እመኑ፣ ለመፈለግ አትመለሱ” ተብሏል። ያ እምነት የመጣው ከልምምድ ነው። እኛ ጋ ልምምዱ የታለ?

የትያትሩ ጸሐፊ
ማዕበሉን አወጣለሁ፤ መስታወቱ ይበልጥ ያስፈራል። መምህርቷም ትገባለች። አባትየው ግን ይሮጣል። እኔ የአደጋ መመሪያ አልጻፍኩም፤ ሰው ነው የጻፍኩት። ልጁ አዘዞ እያለች ጄኔሬተር የሚጠብቅ አባት መድረክ ላይ ባቆም ከታዳሚው ማን ያምነኛል?

ነርስ፣ ከማራኪ
እኔ አምንሃለሁ፣ ወንድሜ። እኛ ጋ ተረካቢ ሳይመጣ ተረኛ አይወጣም፤ ልጁ የታመመችበትም ቢሆን። አባትየው ቢያንስ አንድ ሰው ይጥራ። ጥበቃውን ይዞ “ይህች ቀይዋ ስትበራ ይህን ተጫን” ይበለው። ይህ ግማሽ ደቂቃ ነው። ያንን እንኳ ሳያደርግ የሮጠ ሰው ተጨብጭቦለት መጋረጃ ሲዘጋ ነው የከፋኝ።

አወያይ
እንግዲያው ይሩጥ። ግን ጎሃ ላይ አይብቃ። ልጁን ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ይመለስ፣ ያችን ኮሪደር ላይ የተቀመጠችውን እናት ፊት ለፊት ያግኛት። እሷ የምትለውን ጻፍ። ያ ትዕይንት ከተጻፈ ለተማሪ ይታይ የሚል የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ ካልተጻፈ ግን ልጆቻችን የራስህን አንሥተህ መውጣት ጀግንነት ነው ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ
ተጻፈም አልተጻፈ ያን አባት አልኮንነውም። የመስኮቱ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የልጄ ክፍል አንዱ ግድግዳ ሙሉ መስታወት ነው፣ የእሷም ወንበር ከሥሩ። በሚቀጥለው የወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) ስብሰባ ተነሥቼ እጠይቃለሁ፦ አንድ ነገር ቢመጣ ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል፣ የትስ ይወስዳቸዋል? መልስ ካለ ሥራዬ ላይ ለመቆየት ልሞክር። ከሌለ ጥዬ ነው የምሮጠው።