1,500 ጫማ ላይ ማቆም ለምን አቃተኝ?

የሽምብጡ ጠጋኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ሞባይል እጠግናለሁ። ማታ ሱቅ ከዘጋሁ በኋላ፣ መብራት ካልሄደ፣ ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን አበራለሁ። ባለቤቴ ጆይስቲኩን «ጣውንቴ» ነው የምትለው።

ከራሳችን አየር ማረፊያ ስነሳ ችግር የለብኝም። ጣናን ዞር ዞር ብዬ፣ ደብረ ማርያምን ከላይ አይቼ እመለሳለሁ። ሰሞኑን ግን ኒው ዮርክ አጠገብ ካለችው ቴተርቦሮ በትንሽ ጄት መነሳት ጀመርኩ። እዚያ ሩዲ የሚባል የመውጫ መስመር አለ። ከማኮብኮቢያ 24 ተነስተህ 1,500 ጫማ ላይ ትቆማለህ። ዌንትዝ የምትባለውን ነጥብ ካለፍክ በኋላ ነው ወደ 2,000 የምትወጣው። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ትናንት አምስት ጊዜ ሞክሬ አራቱን አበላሸሁ። ጎማ አጥፌ፣ ከክንፉ የሚዘረጋውን ፍላፕ ሰብስቤ፣ ወደ ቀኝ እየታጠፍኩ ቀና ስል 1,900! እውነተኛ አብራሪዎችም ይሳሳቱታል ወይስ እኔ ነኝ ደነዙ?

ጡረተኛው፦
ደነዝስ አይደለህም ልጄ። ዕድሜዬን በሙሉ ሳበር ኖሬ ነው የምነግርህ። ቴተርቦሮ ራሷ በዚህ ስህተት ስሟ የታወቀ ነው።

እስቲ አስላው። በደቂቃ 3,000 ጫማ የምትወጣ ጄት 500 ጫማ ለመጨረስ 10 ሰከንድ ይበቃታል። አንተ ፍላፕ ስትሰበስብ አለቀ። ከላይ ደግሞ ጎረቤቷ ኒውዋርክ አየር ማረፊያ ሊያርፉ የሚመጡት ያልፋሉ፤ 1,500 የተባለውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ግን የሚሳሳተው ገና መሬት ላይ እያለ ነው። የመውጫው መስመር የተጻፈበት ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ ጭንቅላት የሚይዘው የመጨረሻውን ነው። አውቶፓይለቱ የት እንዲቆም የምታዝበትን የከፍታ መስኮት 2,000 ብለህ ትሞላለህ። አውቶፓይለቱ ምን ያድርግ? ያዘዝከውን ነው የሚፈጽመው። አንተስ ስንት ሞልተህ ነበር?

እኔም አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ ስለ ደመና እያወራሁ ረዳቴ «ከፍታ!» ብሎ እጄን መታኝ። 200 ጫማ አልፌ ነበር። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሽምብጡ ጠጋኝ፦
ጋሼ፣ አሁን ሄጄ አየሁት። 2,000! አምስቱንም ጊዜ። አንዷ የተሳካችው ደንበኛ ደውሎልኝ፣ በድንጋጤ የጄቷን አፍንጫ ዝቅ ስላደረግኩ ነው።

ቤዛዊት ሥር፦
😂 ሌላም ነገር አለ እኮ። ባሕር ዳር መሬት ላይ ቆመህ አልቲሜትርህ (ከባሕር ወለል በላይ ያለህን ከፍታ የሚለካው) ወደ 6,000 ጫማ ነው የሚያነበው። ቴተርቦሮ ግን ከባሕር ወለል እኩል ናት ማለት ይቻላል። እኛ ጋ 1,500 ብትል ከጣና አሳ በታች ነህ። ደግሞ የእኛ አየር ስስ ነው፤ ሞተሩ ይደክማል። ያንን ዝግታ ለምደህ ወፍራም አየር ውስጥ ስትገባ ጄቷ ትፈነጥዛለች።

ታወር የነበርኩ፦
ከተቆጣጣሪም ወገን ልበል። አሜሪካ ውስጥ ከሆነ አነጋገሩን አጥርተህ ስማ። እ.ኤ.አ. በ2014 ያስገቡት አባባል አለ፤ «በመውጫው መስመር ውጣ» እንደማለት ነው። እሱን ካለህ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ከፍታዎች በሙሉ ትጠብቃለህ። «ውጣና ይህን ከፍታ ያዝ» ካለህ ግን፣ እንደገና ካልጠቀሳቸው በስተቀር፣ የወረቀቱ ቀርቷል። በአንዲት ቃል ስንት ሰው ይሳሳታል መሰላችሁ! የሰማኸውን ቁጥር መልሰህ አንብብለት። ከተጠራጠርክ ጠይቅ፣ ማንም አይስቅብህም።

ጡረተኛው፦
ልክ ነው። ለጠጋኙ አንድ ልጨምር። የታዘዝከው ከፍታ ሊደርስ 1,000 ጫማ ሲቀረው አወጣጥህን በደቂቃ ከ500 እስከ 1,500 ጫማ አድርግ ይባላል። ደግ ምክር ነው። ግን 1,500 ላይ ለሚቆም ሰው 1,000 ሲቀረው ማለት ገና 500 ጫማ ላይ ነው። ጎማህ እንኳ ታጥፎ አላለቀም። ስለዚህ ሳትነሳ ወስን። መስኮቱ ላይ 1,500 ሙላ፣ ጉልበቱን ቶሎ ቀንስ፣ ፍላፑ ይቆይ። እኛ ሁለት ሆነን ቁጥሩን በጣት እያመለከትን ጮክ ብለን እንናገር ነበር። አንተ ብቻህን ስለሆንክ ባለቤትህን ረዳት አድርጋት።

የሽምብጡ ጠጋኝ፦
ጋሼ፣ እንዳሉት አደረግኩ። ሽንኩርት እየከተፈች «አንድ ሺህ!» ትላለች፣ እኔ ጉልበት እቀንሳለሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም 1,500 ላይ ቀጥ። አራተኛው ላይ፣ ልክ ዌንትዝን ሳልፍ፣ መብራት ሄደ።