ሳይንስ ፊክሽንና ፋንታሲ ለመጀመር የቱን ላንብብ? (ጥቆማ)

ሳይንስ ፊክሽን (በሳይንስ ሐሳብ ላይ የቆመ ልብ ወለድ) ወይም ፋንታሲ (የአስማት ዓለም ልብ ወለድ) ከየት ልጀምር ለምትሉ ሁሉ፣ ምክሬ ይኸውላችሁ፦ በወፍራሙና በስመ ጥሩው መጽሐፍ አትጀምሩ። ብዙ ሰው «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ይዞ ይገባና ገና ጉዞው ሳይጦፍ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። መጽሐፉ ግሩም ነው። ግን ደራሲው ቶልኪን አይቸኩልም፤ ሆቢቶች (የታሪኩ ድንክዬ ሰዎች) ስለሚያጨሱት ቅጠል ሳይቀር በመቅድሙ አስረድቶ ነው ታሪኩን የሚጀምረው። መጀመሪያ በ1937 የወጣውን የእሱኑ «ዘ ሆቢት» አንብቡ። ለልጆች ቢጻፍም አዋቂን አያሰለችም።

በፋንታሲ በኩል የእኔ አንደኛ ግን የኧርሱላ ለ ጉዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» (1968) ነው። በዚያ ዓለም የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ያወቀ ያንን ነገር ያዝዘዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን በጣም ለሚያምነው ብቻ ነው የሚነግረው። ጌድ የሚባለው ወጣት ከአስማት ትምህርት ቤት ባላንጣው ጋር እልህ ይጋባና የሙት መንፈስ ይጠራል። በሕያዋንና በሙታን ዓለም መካከል በተከፈተው ስንጥቅ አንድ ጥላ ሾልኮ ወጥቶ ፊቱን ይቦጫጭረዋል። ስንጥቁን የደፈኑት የትምህርት ቤቱ አዛውንት ጠቢብ በዚያው ሕይወታቸው ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የዚያች የእልህ ደቂቃ ዕዳ ነው። እኔ ፋንታሲን የምመዝነው በዚህ ነው። አስማቱ ዋጋ ካላስከፈለ ታሪኩ አይዘኝም።

ሳይንስ ፊክሽን ላይ ክርክር ይበዛል። «ዱን» (1965) ግን የተባለለት ሁሉ ይገባዋል። ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት ውኃ የሌላት ፕላኔት ብሎ አይተወውም፣ የውኃው እጦት የሰዉን ጠባይ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። የበረሃው ሰዎች አለቃ ስቲልጋር ፕላኔቷን ሊገዛ በመጣው መስፍን ፊት ጠረጴዛው ላይ ይተፋል። የመስፍኑ ሰዎች ተቆጥተው ሲነሱ፣ አንዱ ባልደረባቸው ያስቆማቸውና ስቲልጋርን ያመሰግናል፤ እሱም በተራው ይተፋል። ከሰውነትህ እርጥበት መስጠት እዚያ ትልቅ ክብር ነዋ! ችግሩ መጀመሪያው ላይ የስምና የቃል መዓት ይወርድባችኋል። መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ ስላለ እሱን እያያችሁ ታገሡ።

ቀለል ያለ ከፈለጋችሁ የአንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» አለ። ማርስ ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ድንች ተክሎ ነፍሱን ያቆያል። ልብ ይሰቅላል፤ ሰውየው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያው ነው። የሊዩ ሲሺን «ዘ ስሪ ቦዲ ፕሮብሌም»ም ሐሳቡ ግዙፍ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ ግን ለልብ አይቀርቡም።

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የኦክታቪያ በትለር «ኪንድረድ» (1979) ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዳና በ1976 አዲስ ቤቷ ውስጥ መጽሐፍ ስትደረድር ራሷን ያዞራታል። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳ በባርነት ዘመን ራሷን ወንዝ ዳር ታገኛለች፤ አንድ ነጭ ልጅ እየሰመጠ ነው። ታድነዋለች። ልጁ የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነው፣ ኋላ እንደሚገባት ደግሞ ቅድመ አያቷ። ስለዚህ ሞቱ አፋፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ትጠራለች፣ ዘሯ እንዳይቋረጥም እያደገ የሚከፋውን ይህን ሰው ማዳን አለባት። የጊዜ ጉዞው በምን እንደሚሠራ በትለር አታብራራም፤ አንባቢም አይጠይቅም፣ ምክንያቱም የዳና ጭንቀት ፋታ አይሰጥም። ሳይንስ ፊክሽን አልወድም ለሚል ወዳጃችሁ ይህንን ስጡት።

እነዚህን የጨረሳችሁ ወደ ኤን ኬ ጀሚሰን «ዘ ፊፍዝ ሲዝን» እለፉ። የዋናዋ ሴት ታሪክ «አንቺ» እየተባለ ነው የሚተረከው፤ ሲጀመር ግራ ያጋባል፣ ምክንያቱ ሲገለጥ ግን ደስ ይላል። የተከታታዩ ሦስት መጻሕፍት በ2016፣ በ2017 እና በ2018 ለሳይንስ ፊክሽንና ለፋንታሲ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት በተከታታይ ወስደዋል። ሦስቱንም አዘጋጅታችሁ ጀምሩ፤ አንደኛው የሚያልቀው ሁለተኛውን ካላነበባችሁ እንቅልፍ በሚነሳ አንድ ጥያቄ ነው።